ነባሩ በረኛ ወይስ ታዳጊው? እስከ እሑድ መወሰን አለብኝ

የሜዳ ዳር (ፍኖተ ሰላም)

ጤና ይስጥልኝ። የከተማችንን ቡድን በረኞች የማሠለጥነው እኔ ነኝ። እሑድ ቡሬ ላይ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ አለን፤ ዋናው አሰልጣኝ የበረኛውን ምርጫ ለእኔ ትቶታል። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ነባሩ በረኛችን 34 ዓመቱ ነው። ለዚህ ቡድን 11 ዓመት ቆሟል። የተሻማ ኳስ ሲመጣ ድምፁ ከሜዳው ማዶ እስካለው መንገድ ይሰማል፤ ተከላካዮቹ ዞር ብለው ሳያዩት የት እንዳለ ያውቃሉ። ነገር ግን መሬት ለመሬት የሚመጣ ኳስ ላይ መውረዱ ዘግይቷል። ባለፈው ወር ሁለት ኳሶች በብብቱ ሥር ገቡበት። ከሦስት ዓመት በፊት ቢሆን ሁለቱንም ይይዛቸው እንደነበር እርሱም ያውቃል፤ ከጨዋታው በኋላ ለረጅም ጊዜ ጓንቱን ሳያወልቅ ተቀምጦ አየሁት።

ታዳጊው 18 ዓመቱ ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ብቻውን ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ጋር ኳስ ሲቀባበል አገኘዋለሁ። እጁ እጅግ ፈጣን ነው። ግን አይጣራም። የማዕዘን ምት ሲመጣ ልውጣ ልቅር እያለ መንገድ ላይ ይቀራል።

ይበልጥ የከበደኝ ደግሞ ታዳጊውን ያስተማረው ነባሩ መሆኑ ነው። የመጀመሪያ ጓንቱን የሰጠው እርሱ ነው።

ትልልቆቹ ቡድኖች እንዲህ ያለውን ነገር የሚወስኑት በምን ላይ ተመሥርተው ነው? የምታውቁ ንገሩኝ።

የቡሬ ተመልካች

እሑድ የምደግፈው ተጋጣሚያችሁን ነው፤ ቢሆንም የተጠየቀ ሰው እውነቱን መናገር አለበት። ታዳጊውን አስገባው። ዛሬ ካልቆመ መቼ ሊለምድ ነው? ብቻ አንድ ነገር ልንገርህ፦ ሜዳችን ከ9 ሰዓት በኋላ ንፋስ አለው፤ ከፍ ብሎ የተሻማ ኳስ አቅጣጫውን ይለውጣል። ይህንን ለሁለቱም ንገራቸው።

ከሰከላ እስከ ኤድመንተን

ወንድሜ የሜዳ ዳር፣ የተወለድኩት ሰከላ ነው፤ ላለፉት 14 ዓመታት የምኖረው ካናዳ፣ ኤድመንተን ነው። ልጄ የበረዶ ሆኪ በረኛ ስለሆነ ሳልፈልገው ይህንን ጨዋታ ተማርኩት። አንተ የጠየቅኸውን ጥያቄ ሕዝቡ እዚህ በየክረምቱ በየሻይ ቤቱ ይከራከርበታል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትታዘበኝ።

በመጀመሪያ ስለ ጨዋታው። የሆኪ ግብ 1.83 ሜትር ስፋትና 1.22 ሜትር ከፍታ አላት፤ የእኛ የእግር ኳስ ግብ 7.32 በ2.44 ነው። ግቧ ትንሽ ብትሆንም ፓክ የሚሏት ጠንካራ የጎማ ቁራጭ 170 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ ኃይለኛ መቺ ሲያገኛት በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ትበርራለች። በሰሜን አሜሪካው ሊግ መደበኛ ውድድር አንድ ቡድን ከ80 በላይ ጨዋታዎች አሉት፤ አንዳንዴም በተከታታይ ምሽቶች ይጫወታሉ። አንድ በረኛ ሁሉን ሊቆም ስለማይችል እያንዳንዱ ቡድን ሁለት በረኞች ያዘጋጃል። ጥያቄው የሚከርረው በጥሎ ማለፉ ጊዜ ነው፤ እዚህ አንዱ ዙር ከአንድ ተጋጣሚ ጋር እስከ 7 ጨዋታ ይሄዳል፣ ቀድሞ 4 ያሸነፈ ያልፋል። ያን ጊዜ አንዱ ተመርጦ ሌላው ይቀመጣል።

ታዳጊውን መርጠው ያሸነፉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1971 የሞንትሪያል ቡድን ኬን ድራይደን የተባለ የሕግ ተማሪ ነበረው። በመደበኛው ውድድር የቆመው 6 ጨዋታ ብቻ ነው፤ ስድስቱንም አሸንፏል። አሰልጣኙ ነባሩን ሮጊ ቫሾንን አስቀምጦ ይህንን ልጅ በጥሎ ማለፉ አቆመው። በመጀመሪያው ዙር የገጠሙት የዋንጫው ባለቤት የነበረውን ቦስተንን ነው፤ በ7 ጨዋታ ጣሉት። ከዚያም የሊጉን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን ወሰዱ፤ ድራይደን የጥሎ ማለፉ ኮከብ ተብሎ ተሸለመ። የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች የተባለው ግን በሚቀጥለው ዓመት ነው። ኮከብ የሆነው ገና እንደ ጀማሪ ሳይቆጠር ነው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ካሮላይና በመጀመሪያው ዙር ሁለት ጨዋታ ተከታትሎ ሲሸነፍ ነባሩን ማርቲን ገርበርን አውጥቶ የ22 ዓመቱን ካም ዋርድን አስገባ። ዋርድም እስከ ዋንጫው አደረሳቸው። በፍጻሜው የተሸነፈው የእኔ ከተማ ቡድን፣ ኤድመንተን ነው። እኔ ከመምጣቴ በፊት የሆነ ነገር ቢሆንም የሥራ ባልደረቦቼ ትናንት የሆነ ያህል ያወሩታል።

የእነርሱ ወሬ ግን ከዋርድ ይልቅ ወደ ራሳቸው በረኞች ያደላል። ይህንን ክፍል በደንብ ስማኝ፤ ያንተን ታዳጊ የሚመለከተው ይኸኛው ነው። ኤድመንተንን እስከ ፍጻሜ ያደረሰው የ36 ዓመቱ ድዌይን ሮሎሰን ነበር። በፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ ተጎዳ። ተጠባባቂው ታይ ኮንክሊን ገባ። ጨዋታው እኩል ለእኩል ሆኖ ሊያልቅ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሲቀረው ኮንክሊን ከግቡ ጀርባ ፓኩን ለተከላካዩ ለመስጠት ሞከረ፤ ሁለቱ ሳይግባቡ ቀሩ፤ ፓኩ አመለጠቻቸው፤ ተቃዋሚው ባዶ ግብ ውስጥ ከተታት። እጁ ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን አያድነውም ነበር፤ የጠፋው መግባባቱ ነው። አንተ «አይጣራም» ስትል ትዝ ያለኝ ያ ግብ ነው።

የጣና ዳር

አጻጻፍህ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ሆኪን አምጥቶ እግር ኳስ ላይ መጫን አይቻልም። ከልጅህ ጨዋታ እንደምታውቀው የሆኪ አሰልጣኝ በረኛውን በማንኛውም ደቂቃ ያወጣዋል፤ ሲፈልግም እዚያው ጨዋታ ላይ ይመልሰዋል። ካሮላይና ዋርድን ሲሞክር የሚያጣው ነገር አልነበረም፤ ባይሆንለት ገርበር ወንበሩ ላይ አለ። በእግር ኳስ የወጣ በረኛ አይመለስም። አሰልጣኛችን እሑድ ከተሳሳተ ማረሚያ የለውም፤ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ነው።

የእኛን አገር ምሳሌ ልስጥህ። በጥር 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ ደቡብ አፍሪካ ላይ ዛምቢያን ሲገጥም በረኛው ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ ቀይ ካርድ አየ። ዘሪሁን ታደለ ሰውነቱን በቅጡ ሳያሟሙቅ ገባ፤ አሥር ሰው ሆነን 1 ለ 1 ወጣን። በናይጄሪያው ጨዋታ ደግሞ በረኛው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ሲወጣ ቅያሪያችን አልቆ ስለነበር አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ ቆመ። ያንን ቀን ያየ ሰው ሁለተኛውን በረኛ እንደ ትርፍ ዕቃ አይቆጥረውም።

ስለዚህ እኔ የምለው፦ ነባሩ ይቁም። ታዳጊው ግን እንደሚገባ ሰው ተዘጋጅቶ ይቀመጥ።

የብቸናው

ልጆቼ፣ እኔ ሆኪ የሚባለውን በቴሌቪዥን አንድ ጊዜ ባየው ገና ጨዋታ መሰለኝ። የተቆለመመ ዱላ፣ አንዲት ሩር፣ ግርግር። ታኅሣሥ 29 እኛ ሰፈር ስንጫወት በረኛ የሚባል አልነበረንም፤ ሁሉም ይመታል፣ ሁሉም ይከላከላል፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሎ ሁሉም ይቅር ይባባላል። በረኛ የሚባለው ሰው ሥራው ከባድ የሆነው ይህ ይቅርታ ስለሌለው ይመስለኛል። አጥቂ አሥር ጊዜ ስቶ አንዴ ቢያገባ ይዘፈንለታል። በረኛ አሥር ጊዜ ይዞ አንዴ ቢያመልጠው አገር ያወራበታል።

ጥያቄዬ ለኤድመንተኑ ልጄ ነው። የተቀመጠውስ? ያ ቫሾን ያልከው ምን ሆነ? ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ስማር የኔታ ታዳጊውን ማኅሌት ላይ ቅኔ ሲያስደርጉት ነባሩን ተማሪ አጠገቡ ያቆሙት ነበር፤ ቤቱ ቢጠፋበት እንዲያቃናው። ነባሩን ወደ ኋላ ገፍተውት አያውቁም። እናንተ ስለሚገባው ብቻ ታወራላችሁ።

ከሰከላ እስከ ኤድመንተን

አባቴ፣ የጠየቁኝ ጥያቄ ከእኔ ጽሑፍ ይበልጣል። ቫሾን ሞንትሪያልን ለቆ ለመሄድ ጠየቀ፤ በዚያው ዓመት፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር፣ ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛወረ። እዚያ ታላቅ በረኛ ሆነ፤ ቡድኑ የማለያ ቁጥሩን 30ን ማንም እንዳይለብሰው አክብሮ አኖረለት፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የሆኪ የክብር አዳራሽ ገባ። ሞንትሪያል አልተጎዳም፤ ድራይደን ነበራቸው። ሁሉም ቡድን ግን እንዲህ አይቀናውም።

ቫንኩቨርን ይውሰዱ። ነባሩ ሮቤርቶ ሉዎንጎ የ12 ዓመት ውል ነበረው፤ ከሥሩ ኮሪ ሽናይደር እያደገ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 ጥሎ ማለፍ ከሁለት ሽንፈት በኋላ ሉዎንጎ ተቀምጦ ሽናይደር ገባ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሰው ሉዎንጎ ይሄዳል ብሎ ጠበቀ። አልሄደም፤ ያንን ረጅም ውል የሚሸከምላቸው ቡድን በቀላሉ አልተገኘም። በ2013 በድንገት ታዳጊውን ሽናይደርን ሸጡት። የቀረላቸው ነባሩ ነበር፤ እርሱም ልቡ ቆስሏል። እ.ኤ.አ. በማርች 2014 ከተማው በጉጉት የጠበቀው ትልቅ ጨዋታ በታላቁ ስታዲየም ሲደረግ አሰልጣኙ ሉዎንጎን አስቀምጦ ሌላ በረኛ አቆመ። ከሁለት ቀን በኋላ ሉዎንጎም ወደ ፍሎሪዳ ተዛወረ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱም በረኞች ሄዱ! ሁለት ምርጥ ሰው ይዞ ባዶ እጅ መቅረት ማለት ይህ ነው፤ አንዱንም በግልጽ ሳይመርጡ፣ ሁለቱንም በወሬ እያንጠለጠሉ።

በተቃራኒው ቦስተን አለ። ቲም ቶማስ እ.ኤ.አ. በ2009 የሊጉ ምርጥ በረኛ ተብሎ ተሸለመ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ዳሌውን እያመመው ቦታውን ለወጣቱ ቱካ ራስክ አስረከበ። በጥሎ ማለፉ የቆመው ራስክ ነበር። ቶማስ በበጋው ታክሞ ተመለሰ፤ ከተመታበት 93.8 በመቶውን አድኖ በዚያን ጊዜ የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን ያዘ፤ በ2011 በ37 ዓመቱ ዋንጫውን ወሰደ። በፍጻሜው የተሸነፈው ያው ሉዎንጎ ነው። ወጣቱ ራስክ ያንን ዓመት ተቀምጦ ቢያሳልፍም አልጠፋም፤ በ2013 ቡድኑን ለፍጻሜ አደረሰ፤ በ2014 የሊጉ ምርጥ በረኛ እርሱ ሆነ። ቦስተን ሁለት ምርጥ በረኞች ያገኘው ተራውን የሚጠብቀው ሰው ተራ እንዳለው ስላወቀ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቁጥር 1 (ደብረ ማርቆስ)

እኔ በረኛ ነበርኩ፤ ስለዚህ ከተቀመጠችው ወገን ሆኜ ልናገር።

የምጫወትበት ቡድን ሰባት ዓመት አገልግዬው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስሜን በሰሌዳ ላይ ከተጠባባቂዎች ተርታ አየሁት። ማንም አልነገረኝም። ከእኔ ጋር ስትለማመድ የነበረችው ልጅ ከእኔ ቀድማ ሰምታለች፤ ዓይኔን ማየት ፈርታ ጫማዋን ታስር ነበር። ያን ቀን ልረዳት ይገባኝ ነበር። የተጋጣሚያችን ግራ አጥቂ ስትመታ ትከሻዋ ቀድሞ እንደሚዞር አውቃለሁ፤ አልነገርኳትም። ግራ አጥቂዋ ሁለት አገባች። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ መቀመጤ ሳይሆን ዝም ማለቴ ነው። ግን ዝም ያሰኘኝን ነገር የሠራው ማን ነው?

የጣና ዳር፣ አንተ እንዳልከው የወጣ በረኛ አይመለስም። አንድ ታሪክ ግን ዘለልክ። እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ የኔዘርላንድሱ ቫን ሃል ከኮስታ ሪካ ጋር ጭማሪ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ያስፐር ሲሌሰንን አውጥቶ ቲም ክሩልን ለመለያ ምት አስገባ። ክሩል ሁለት አዳነ፤ አለፉ። ሁሉም ሰው አሰልጣኙን አመሰገነ። እኔ ያየሁት ሲሌሰንን ነው። ለክሩል አስቀድሞ ተነግሮት ነበር፤ ለእርሱ ግን አልተነገረውም። ሲወጣ ጠርሙስ በእግሩ ሲመታ አይታችኋል? ቢነገረው ኖሮ ምን ይጎዳ ነበር?

አሰልጣኝ፣ ማንን እንደምትመርጥ አላውቅም። የማይገባው ሰው ከአንተ አፍ ይስማው። ከሰሌዳው አይደለም።

የዳንግላ መምህር

የሒሳብ መምህር ነኝ። የሜዳ ዳር፣ ያዳኑትን ቆጥረሃል?

የሜዳ ዳር (ፍኖተ ሰላም)

ቁጥር 1፣ እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

መምህር፣ ቆጥሬያለሁ። በዚህ ዓመት ነባሩ ወደ ግብ ከተመቱ 40 ኳሶች 30 አድኗል። ታዳጊው በሁለት ጨዋታ ከ12 ኳሶች 10 አድኗል።

የዳንግላ መምህር

75 በመቶ ከ83 በመቶ ጋር። ታዳጊው የሚበልጥ ይመስላል። አሁን ታዳጊው ካዳናቸው አንዲቷ እንጨት ነክታ ገባች እንበል፤ 9 ከ12 ይሆናል፤ ያውም 75 በመቶ ነው። ልዩነታችሁ በሙሉ ያለው በአንዲት ኳስ ላይ ነው። በዚህ ሰው አይመረጥም፤ አይጣልምም።

ሆኪዎቹ ቁጥርን የሚያምኑት ብዙ ስላላቸው ነው። በአንድ ጨዋታ 25፣ 30 ምት የሚቀበል በረኛ 60 ጨዋታ ቢቆም ከ1,500 በላይ ይሆናል። በ1,500 ምት ላይ የ1 በመቶ ልዩነት 15 ግብ ነው፤ ያ ከአንዲት ኳስ ይልቅ ይታመናል። ለአንተ ከቁጥሩ ይልቅ የገቡት እንዴት እንደገቡ ይጠቅምሃል። የነባሩ አሥር ግቦች ስንቱ በመሬት፣ ስንቱ በአየር?

የሜዳ ዳር (ፍኖተ ሰላም)

በመሬት 7፤ ቅጣት ምት 2፤ ከተሻማ ኳስ አንድ ብቻ።

የቡሬ ተመልካች

እኛ የምናጠቃው በማሻማት ነው። ይህንን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋልና ምሥጢር አላወጣሁም። ቃሌን አነሣለሁ፤ ለእሑድ ነባሩ ይሻላችኋል።

ከሰከላ እስከ ኤድመንተን

መምህሩ ከእኔ ታሪክ ሁሉ የሚበልጥ ነገር ተናገረ። አንድ ብቻ ልጨምር፤ ስለ ቁጥር 1 ብዬ ነው።

ፒትስበርግ እ.ኤ.አ. በ2016 ነባሩ ማርክ አንድሬ ፍለሪ ራሱን ተመትቶ ሲታመም ማት መሪ የተባለ ታዳጊ ገብቶ ዋንጫ አመጣ። በ2017 ጥሎ ማለፍ ሊጀመር ሲል ደግሞ መሪ ሰውነቱን ሲያሟሙቅ ተጎዳ። የተቀመጠው ፍለሪ ገብቶ ሁለት ዙር አሳለፋቸው፤ በሦስተኛው ዙር አንድ ከባድ ሽንፈት ሲመጣ ቦታው እንደገና ለመሪ ተሰጠ። ዋንጫውም እንደገና ተበላ። በዚያው ሰሞን አዲስ ቡድን ከነባሮቹ ተጫዋች እየመረጠ ይመሠረት ስለነበር እያንዳንዱ ቡድን ሊያስቀር የሚችለው አንድ በረኛ ብቻ ነበር፤ ፍለሪ እንደሚሄድ ያውቃል። ዋንጫው በበረዶው ላይ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ፍለሪ ከፍ አድርጎ ይዞት ዞረና ለማን ሰጠው? ለመሪ። ልጄ ያን ምሽት ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ «አባዬ፣ ለምን ለእርሱ ሰጠው?» አለኝ። ልመልስለት አልቻልኩም፤ እንባዬ ቀደመኝ።

የሜዳ ዳር (ፍኖተ ሰላም)

ዛሬ ሐሙስ ማታ ነባሩን ሥራ ቦታው፣ ወፍጮ ቤቱ ሄጄ አገኘሁት። እሑድ እርሱ እንደሚቆም፣ ምክንያቱም የተሻማው ኳስ እንደሆነ፣ ከእሑድ በኋላ ባሉት ጨዋታዎች ግን ታዳጊውን እንደማቆም ነገርኩት። ሞተሩን አጥፍቶ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ የገቡበትን ሰባት ኳሶች አንድ በአንድ ነገረኝ፤ እኔ ከጻፍኳቸው በላይ ያስታውሳቸዋል። በመጨረሻ ራሱ፣ «መለያ ምት ከደረስን እርሱን አስገባው፤ በመሬት የሚመጣው ላይ ይበልጠኛል። አንድ ቅያሪ አስቀርለት» አለኝ። የሲሌሰንን ታሪክ አልነገርኩትም ነበር።

ከዚያ ሁለታችን አብረን ወደ ታዳጊው ቤት ሄድን። እናቱ ቡና አፍልታ ነበር፤ አላስወጣችንም።

የብቸናው

ደግ አደረግህ ልጄ። እሑድ ማታ ውጤቱን ጻፍልን።

የሜዳ ዳር (ፍኖተ ሰላም)

1 ለ 0 ተሸነፍን። ግቡ ከ20 ሜትር የተመታ ቅጣት ምት ነው፤ ግድግዳችን ነክቶ አቅጣጫ ቀየረ። ያንን ማንም አይመልሰውም፤ የቡሬ ተመልካችም አጠገቤ ቆሞ ይህንኑ አለኝ። የተሻሙትን ኳሶች በሙሉ ነባሩ ወጥቶ ያዛቸው፤ አንዱን በንፋሱ ውስጥ ወደ ኋላ እየሄደ ነው የያዘው። በ80ኛው ደቂቃ ላይ ብናስተካክለው ብዬ ታዳጊውን ሰውነት እንዲያሟሙቅ አስነሣሁት፤ አላስተካከልንም።

ማክሰኞ ልምምድ ላይ ነባሩ ከሁላችንም ቀድሞ መጣ። ታዳጊውን ግቡ ውስጥ አቆመው፤ ራሱ ጀርባውን ሰጥቶ እንደ ተከላካይ ፊቱ ቆመ፤ እኔ ከማዕዘን እንዳሻማ ነገረኝ። ልጁ ካልተጣራ ነባሩ አይንቀሳቀስም፤ ኳሱ እንዲሁ ይገባል። ሃያ ያህል አሻማሁ። ድምፁ ገና ሜዳው ማዶ ያለው መንገድ አልደረሰም፤ እኔ ያለሁበት ማዕዘን ግን ይሰማል።

ቁጥር 1 (ደብረ ማርቆስ)

ቅዳሜ ለገበያ ወደዚያ እመጣለሁ። ልምምድ ካላችሁ ጓንቴን ይዤ ልምጣ?

የሜዳ ዳር (ፍኖተ ሰላም)

ከጠዋቱ 1 ሰዓት። እንጠብቅሻለን።